የሮማ ወታደር ጥሩር ስንት ዓመት ያገለግል ነበር?

በ70 ዓ.ም. ሮማውያን ኢየሩሳሌምን ከበው ሳሉ፣ ዩልያኖስ የተባለ ከትንሿ እስያ የመጣ መቶ አለቃ ጓደኞቹ ሲያፈገፍጉ አይቶ ብቻውን ወደ ፊት ዘለለ። ፊቱ የቆመውን ሁሉ እየነዳ እስከ ቤተ መቅደሱ ጥግ አደረሰ። እዚያ አዳለጠው። ጫማው ሥር ጥቅጥቅ ብለው የተመቱት ሚስማሮች ንጣፉ ላይ አንሸራተቱትና በጀርባው ተዘረረ፤ የብረት ልብሱ ኳኳታ የሸሹትን መልሶ ጠራቸው። ከበው በጦርና በሰይፍ ወጉት። ታሪኩን የጻፈው ዮሴፈስ እንደሚለው ግን ቶሎ አልሞተም። አንገቱን ወደ ውስጥ ሰብስቦ በጋሻው እየመከተ ብዙ ታገለ፤ ራስ ቁሩና ጥሩሩ ዋና ዋናውን አካሉን ሸፍነውለት ነበር። ነፍሱ የወጣችው ያልተሸፈኑት እጅና እግሮቹ ከተቆራረጡ በኋላ ነው።

ብረቱ ሥራውን ሠርቷል፤ ሰውየውን የጣለው ጫማው ነው። ስለ ሮማ ወታደር ልብስ «ጥሩ ነበር ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ብዙ ጊዜ እንዲህ ለሁለት ይከፈላል። ከዚህ በታች ልብሱ ምን እንደሚችል፣ ምን እንደሚያቅተው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ እናያለን። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥሩር የሚባለው የትኛው ነው?

ቃሉን አብዛኞቻችን የምናውቀው ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው። የኤፌሶን መልእክት ምዕራፍ 6 ላይ ጥሩር፣ ጋሻ፣ ራስ ቁር፣ ሰይፍና ጫማ ተራ በተራ ተጠርተዋል። መልእክቱ የተጻፈው የሮማ ወታደር በየአደባባዩ በሚታይበት ዘመን ስለሆነ፣ ለመጀመሪያዎቹ አንባቢዎች ምሳሌው የዕለት ተዕለት ነገር ነበር። ጥሩር ደረትን፣ ጀርባንና ትከሻን የሚሸፍነው ክፍል ነው። ተራው ወታደር የሚለብሰው ሦስት ዓይነት ነበረው።

አንደኛው የቀለበት ጥሩር ነው። ትናንሽ የብረት ቀለበቶች እርስ በርስ ተቆላልፈው እንደ ሹራብ የሚለበስ ልብስ ይሆናሉ፤ እያንዳንዱ ቀለበት አራት ጎረቤቶቹን ያቅፋል። አንዱ ረድፍ ተበስቶ የወጣ ድፍን ቀለበት ሲሆን፣ ቀጣዩ ረድፍ ከሽቦ ተጠምዝዞ ጫፍና ጫፉ በጥቃቅን ሪቬት የተያያዘ ነው። የአንዱ ቀለበት ስፋት ከ1 ሳንቲ ሜትር ያንሳል፤ አንድ ልብስ ለመጨረስ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ቀለበት ያስፈልጋል። ዘዴው የሮማውያን የራሳቸው አይደለም። ከኬልቶች፣ ማለትም በምዕራብ አውሮፓ ከነበሩ ጎረቤት ሕዝቦች፣ እንደተወረሰ የገዛ ጸሐፊያቸው ቫሮ ሳይደብቅ ጽፎታል።

ሁለተኛው የቅርፊት ጥሩር ነው፤ ትናንሽ የነሐስ ወይም የብረት ቁርጥራጮች እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርበው ጨርቅ ወይም ቆዳ ላይ ይሰፋሉ። ሲወለወል ያበራል። ከዚህ በላይ ብዙ አልቆይበትም።

ሦስተኛው የላሜራ ጥሩር ነው። ሰፋፊ የብረት ቅጠሎች ሆድና ጀርባን እንደ ቀበቶ ይከባሉ፤ ትከሻ ላይ ደግሞ ጎበጥ ያሉ ሌሎች ቅጠሎች ይደረባሉ። ቅጠሎቹን ከውስጥ የቆዳ ጠፍር ይዟቸዋል፤ ከውጭ ማጠፊያ፣ ዘለበትና መንጠቆ አለ። የብረቱ ውፍረት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከጣሪያ ቆርቆሮ ሁለትና ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ዛሬ በላቲን ሎሪካ ሴግመንታታ ይባላል፤ ስሙን ያወጡለት ግን በ16ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩ ሊቃውንት ናቸው። እኔ «ላሜራ» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከጣሊያንኛ ወደየጋራዣችን የገባው ይህ ቃል ሥሩ ላሚና የሚል የላቲን ቃል ነው፤ ትርጉሙም ስስ የብረት ቅጠል ነው።

ፊልም ላይ ሁሉም የላሜራ የሚለብሰው ለምንድን ነው?

ጥፋቱ የአንድ ሐውልት ነው ማለት ይቻላል። ሮም መሃል የቆመው የንጉሠ ነገሥት ትራጃን ዓምድ በ113 ዓ.ም. ተመረቀ። ዙሪያው ላይ የዳሲያ ጦርነት ተቀርጿል፤ ዳሲያ የዛሬዋ ሮማንያ አካባቢ ናት። እዚያ የሌጌዎን ወታደር፣ ማለትም የሮማ ዜግነት ያለው መደበኛ እግረኛ፣ በላሜራ ጥሩር ይታያል። ከየአውራጃው የተመለመለው ረዳት ጦር ደግሞ የቀለበት ለብሷል። ተመልካች በአንድ እይታ ማን ማን እንደሆነ ይለያል። ሠዓሊዎችና የፊልም ሰዎች ሲገለብጡት ኖረዋል።

ያንኑ ጦርነት የሚዘክር ሌላ ሐውልት አዳምክሊሲ በተባለ ቦታ፣ በዛሬዋ ሮማንያ፣ በ109 ዓ.ም. ቆሟል። ቅርጹ ሻካራ ነው፤ ከሮሙ ጋር በውበት አይወዳደርም። ወታደሮቹ ግን የቀለበትና የቅርፊት ጥሩር ነው የለበሱት፤ የቀኝ እጃቸውም እስከ አንጓ በብረት ተሸፍኗል። ከሁለቱ የትኛው ለእውነት ይቀርባል ብትሉኝ፣ ወደ ጦር ሜዳው የቀረበውን አምናለሁ። ይህ ማለት ላሜራው አልነበረም ማለት አይደለም፤ ከእንግሊዝ እስከ ጀርመን ከመሬት ወጥቷል። ሁሉም ሰው፣ ሁልጊዜ ለብሶታል የሚለው ነው ስሕተቱ።

ለመሆኑ ይከላከላል?

ምት ሦስት ዓይነት ነው፦ መቁረጥ፣ መውጋትና መቀጥቀጥ። የቀለበት ጥሩር የሰይፍ ስለትን በደንብ ይመልሳል። ሹል ነገር ሲመጣበት ግን ጫፉ አንዱን ቀለበት ካገኘና ሪቬቱን ከፈታ ይገባል። ዱላና የድንጋይ ምት ደግሞ ጭራሽ አያስቆምም፤ ልብሱ ሳይበሳ ከሥሩ አጥንት ሊሰበር ይችላል። ለዚህ ነው ከጥሩሩ ሥር ወፍራም፣ የተሞላ ልብስ የሚለበሰው። ላሜራው እዚህ ይበልጣል። ጎበጥ ያለ ድፍን ብረት ምቱን ወደ ጎን ያንሸራትታል፤ ኃይሉንም ሰፋ ባለ ቦታ ይበትነዋል። ትከሻው ላይ መደራረቡ ከላይ ለሚወርድ ሰይፍ ታስቦ ነው።

ፍጹም ግን አልነበረም። በ53 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የሮማዊው አዛዥ የክራሰስ ጦር ካርሄ ላይ፣ ማለትም አብርሃም የተቀመጠባት ካራን አጠገብ፣ ከፓርቲያ፣ ማለትም ከዛሬዋ ኢራን አካባቢ፣ ፈረሰኛ ቀስተኞች ጋር ገጠመ። የግሪኩ ጸሐፊ ፕሉታርክ ሲተርከው፣ ቀስቶቹ ጠንካራውንም ለስላሳውንም መሸፈኛ ይበሱ ነበር፤ የወታደሩ እጅ ከጋሻው ጋር፣ እግሩም ከመሬት ጋር ተቸንክሯል። ዳሲያ ውስጥ ደግሞ በሁለት እጅ የሚያዝ፣ ማጭድ የመሰለ ቆልማማ ሰይፍ ገጠማቸው። መልሱ ከዚያ ዘመን ራስ ቁሮች ላይ ይነበባል፦ አናቱ ላይ ሁለት የብረት ዘንጎች በመስቀል ቅርጽ ተጨምረውበታል። አዳምክሊሲ ላይ ያየነው የእጅ ብረትም ከዚሁ ጋር ይያያዛል።

ደግሞ የመጀመሪያው መከላከያ ጥሩሩ አልነበረም፤ ጋሻው ነው። በ256 ዓ.ም. ገደማ በወደቀችው ዱራ ኤውሮፖስ፣ በዛሬዋ ሶርያ፣ አንድ የሮማ ጋሻ ከነቀለሙ ተገኝቷል። አሠራሩን ማንም አናጢ ያውቀዋል፦ ኮምፔንሳቶ ነው። ስስ የእንጨት ጠፍጣፎች በሦስት ድርብ፣ አንዱ ቁም ሌላው አግድም ሆነው፣ በሙጫ ተጣብቀዋል፤ ላዩ ቆዳ ለብሷል። ኮምፔንሳቶ ቀላልና ጠንካራ ነው፤ ጠላቱ ውኃ ነው። ስለዚህ በጉዞ ላይ ጋሻው ከረጢት ውስጥ ይገባል። ቄሳር በ57 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ጎል ውስጥ፣ በዛሬዋ ፈረንሳይ አካባቢ፣ ድንገት ሲጠቃ ወታደሮቹ ያንን ከረጢት ለመግፈፍ እንኳ ጊዜ አጥተው እንደነበር ራሱ ጽፏል። የጋሻውን ጥቅም በቁጥር የሚነግረንም እሱ ነው። በ48 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ፣ በዛሬዋ አልባንያ ዲራኪዩም ላይ፣ ስኬቫ የሚባል መቶ አለቃ ከምሽግ ውጊያ በኋላ ጋሻው ሲቆጠር 120 ቀዳዳ ተገኘበት። ስኬቫ ከነሕይወቱ ነበር፤ ሽልማትም ተቀበለ።

አይከብድም?

ይከብዳል፤ ሆኖም እንደሚገመተው አይደለም። የላሜራው ጥሩር ከ6 እስከ 9 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ የቀለበቱ ብዙ ጊዜ ከ10 ኪሎ ያልፋል። አሥር ሊትር ውኃ የያዘ ጄሪካን ተሸክሞ ዳገት የወጣ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል፤ ልዩነቱ ጄሪካኑ አንድ እጅ ላይ መንጠልጠሉ ነው። የቀለበት ጥሩር ክብደት በአብዛኛው ትከሻ ላይ ያርፋል። ቀበቶ ጠበቅ ተደርጎ ከታሰረ ግን ከፊሉ ወደ ዳሌ ይወርዳል፣ ትከሻም ያርፋል።

ትልቁ ነገር ልኩ ነው። ዳዊት የሳኦልን ጥሩር ለብሶ መራመድ ሲያቅተው አውልቆ የጣለው ፈሪ ስለሆነ አልነበረም፤ አልለመደውም ነበር። የቀለበት ልብስ በዚህ በኩል ታጋሽ ነው፤ ቀጭንም ወፍራምም ይለብሰዋል። ላሜራው ግን ለአንድ ሰው ደረትና ትከሻ ካልተስተካከለ ብብት ይቆርጣል፣ አንገት ይልጣል። ወታደሮቹ አንገታቸው ላይ የሚጠመጥሙት ሻርፕ ለጌጥ እንዳይመስላችሁ።

መሬቱም ይወስናል። በ15 ዓ.ም. የሮማዊው አዛዥ የኬኪና ጦር ጀርመን ውስጥ ረግረግ ላይ ተይዞ ሲዋጋ፣ የሮማ ታሪክ ጸሐፊው ታሲተስ የጠቀሰው አንዱ ችግር ሰውነታቸው በጥሩር ከብዶ እግራቸው ማዳለጡን ነው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ወይም ትንሽ ቆይቶ የጻፈው ቬጌቲዩስ ደግሞ የዘመኑን ወታደሮች ይወቅሳል፦ ልምምድ ስለተዉ ጥሩሩ ከበዳቸው፤ ስለከበዳቸው እንዲቀርላቸው ለመኑ። ክብደት እንግዲህ በሚዛን ብቻ አይለካም።

ታዲያ ስንት ዓመት ይቆያል?

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጥመው። የቆርቆሮ በር ያለው ሰው የሚያውቀው እውነት አለ፦ በሩ ከመበስበሱ በፊት ማጠፊያው ይለቃል። የላሜራ ጥሩርም እንደዚያው ነው። ቅጠሎቹ ጠንካሮች ናቸው፤ ልብሱን የሚያስረጁት ትንንሾቹ ናቸው። ቅጠሎቹን ከውስጥ የያዘው ቆዳ በላብ ይርሳል፣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ማጠፊያውና ዘለበቱ ከመዳብ ቅይጥ የተሠሩና ስሶች ናቸው፤ በለበሰና ባወለቀ ቁጥር ይታጠፋሉ። በዚያ ላይ የመዳብ ቅይጥና ብረት ተነካክተው፣ ጨው ያለበት ላብ መሃላቸው ሲገባ፣ እንደ ትንሽ ባትሪ ይሆናሉ። በዚህ ባትሪ ውስጥ ተበዪው ብረቱ ነው፤ ዝገቱ ሪቬቱ ዙሪያ ይጀምርና ቀዳዳው ይሰፋል።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በ1964 በሰሜን እንግሊዝ ኮርብሪጅ ከተባለ የሮማ ምሽግ በቆዳ የተለበጠ የእንጨት ሣጥን ወጣ። የተቀበረው በ2ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ላይ ነው። ውስጡ የጦር ጫፎች፣ መሣሪያዎች፣ ሚስማሮችና የበርካታ ላሜራ ጥሩሮች ክፍሎች ነበሩ። ብረቱ ዝጎ አንድ ላይ ተጣብቋል። ቀረብ ብሎ ላየው ግን ጥገናው ይታያል፦ ማጠፊያ በነበረበት ቦታ አንዳንዱ ቅጠል ከጎረቤቱ ጋር በቀጥታ በሪቬት ተመትቷል። የምሽጉን ቀጥቃጭ አስቡት። ወታደሩ የተሰበረ ማጠፊያ ይዞ ይመጣል፤ ትርፍ የለም ወይም ለመጠበቅ ጊዜ የለም፤ ሁለቱን ብረት ደርቦ በሁለት ሪቬት ጠርቆ ይሰጠዋል። ልብሱ ከእንግዲህ እዚያ ጋ አይታጠፍም። ይለበሳል ግን።

የሚገርመው ሠሪዎቹ ነገሩ እንደገባቸው ማስረጃው አለ። ስኮትላንድ ውስጥ ኒውስቴድ ላይ፣ ከ1905 እስከ 1910 በተደረገው ቁፋሮ፣ ከኮርብሪጁ ቀለል ያለ የላሜራ ጥሩር ተገኝቷል። ማጠፊያዎቹ ቀንሰዋል፤ በትናንሽ ዘለበቶች ፋንታ ጠንከር ያሉ መንጠቆዎች ገብተዋል፤ ቅጠሎቹ ትልልቅ ሆነዋል። ያ ቀጥቃጭ በችግር ያደረገውን ሠሪው ከመጀመሪያው አስቦበት ሠራው ማለት ነው።

ወደ ቀለበቱ ስንመጣ ሌላ ዓለም ነው። ዘለበት የለውም ማለት ይቻላል፤ ትከሻ ላይ ካለው መያዣ በቀር የሚሰበር ነገር አይታይበትም። ወታደሩ በተራመደ ቁጥር ቀለበቶቹ እርስ በርስ ስለሚፋተጉ ዝገቱን ራሳቸው ይልጡታል። ሣጥን ውስጥ ተጥሎ የከረመ የቀለበት ጥሩር ይዝጋል፤ በየቀኑ የተለበሰ ያበራል። አሥር ቀለበት ቢበጠስ ፒንሳና ጥቂት ሽቦ ያለው ሰው ማታውኑ እሳት ዳር ይሞላዋል። ልብሱ ጨርሶ ቢያረጅ እንኳ ደህናው ክፍል ተቆርጦ የሌላውን ቀዳዳ ይጥፋል። ቡትቶ የለበሰ ድሃ ልብሱን እንደሚያኖረው፣ መጣፍ እስከቻሉ ድረስ አያልቅም።

በዓይነት ደረጃም ያው ነው። የላሜራው ጥሩር ከ1ኛው ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ማብቂያ ጀምሮ ይታያል፤ በ3ኛው ክፍለ ዘመን ዓ.ም. ይጠፋል፤ ሦስት መቶ ዓመት እንኳ አልሞላውም። የቀለበቱ ከእሱ በፊት ነበረ፣ አብሮት ነበረ፣ ምዕራባዊቷ ሮማ በ476 ስትወድቅም ነበረ፤ ከዚያ በኋላም የመካከለኛው ዘመን ፈረሰኞች ለብሰውታል።

እንዲህ ከሆነ ላሜራውን ለምን ሠሩት?

የቀለበት ጥሩር አንድ መጥፎ ጠባይ አለው፤ ለመሥራት ዘመን ይፈጃል። ሽቦ መሳብ፣ መጠምዘዝ፣ መቁረጥ፣ ጫፉን መጥፈጥ፣ መብሳት፣ ሪቬት መምታት፣ ያንን አሥር ሺህ ጊዜ፣ ደግሞ እንደገና አሥር ሺህ ጊዜ። ለአንድ ሰው የወራት ሥራ ነው። በ2ኛው ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የጻፈው ፖሊቢየስ የቀለበት ጥሩር የሚለብሱት ንብረታቸው ከ10,000 ድራክማ (የግሪክ ገንዘብ) የሚበልጥ እንደነበሩ ይነግረናል፤ ሌላው ደረቱ ላይ ስንዝር በስንዝር የሆነ የነሐስ ሰሌዳ አንጠልጥሎ ይዘምት ነበር። የላሜራው ሥራ በንጽጽር ይፈጥናል፤ ልብሱ ይቀላል፤ ድፍን ምትንም ይችላል። ሲቀመጥ ደግሞ ቅጠሎቹ አንዱ በአንዱ ውስጥ ይሰበሰባሉ። ቋሚ ምሽግ፣ ቋሚ አውደ ጥናትና የማያቋርጥ የብረት አቅርቦት ላለው ጦር ጥሩ ምርጫ ነው። በ3ኛው ክፍለ ዘመን የእርስ በርስ ጦርነትና ወረራ ሲደራረብ ያ ሁሉ ተናጋ። ማጠፊያ የሚያቀርብ አውደ ጥናት ሲርቅ ማጠፊያ የሌለው ልብስ ያሸንፋል።

ይህን ሁሉ በምን እናውቃለን?

በወደቀና በተጣለ ነገር ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከየምሽጉ ብዙ የላሜራ ማጠፊያና ዘለበት ይለቀማል፤ የቀለበት ጥሩር ግን እምብዛም አይገኝም። ላሜራው በዝቶ ነበር ማለት ነው? የግድ አይደለም። የሚሰበርና የሚወድቅ ነገር ያለው ልብስ ከኋላው ብዙ ምልክት ይተዋል፤ የማይሰበረው አይተውም። ደህና ብረት ደግሞ ማንም አይጥለውም፤ ተመልሶ እሳት ውስጥ ይገባል።

ሙሉ ልብስ የሚገኘው ብርቅ በሆነ አጋጣሚ ነው። በ9 ዓ.ም. ጀርመን ውስጥ ሦስት የሮማ ሌጌዎኖች ተደመሰሱ፤ ካልክሪዘ የዚያ ጦርነት ሜዳ እንደሆነ በሰፊው ይታመናል። በ2018 እዚያ ከነአፈሩ የተቆረጠ 500 ኪሎ ያህል ቋጥኝ ወጣ። ውስጡ ምን እንዳለ ለማየት መጀመሪያ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ተወስዶ ለጭነት በሚያገለግለው የጉምሩክ ራጅ ታየ፤ በኋላም በትልቅ ሲቲ ስካን። እስከ ዛሬ ከታወቁት የላሜራ ጥሩሮች እጅግ ጥንታዊውና የተሟላው ነው። ከአንገቱ አካባቢ የእስረኛን አንገትና እጅ አንድ ላይ የሚጠርቅ የብረት ማነቆ ተገኘ። የለበሰው ሰው ተማርኮ እንደነበር ይገመታል። ጥሩር ሳይበሳም መማረክ ይቻላል።

የሚከፍለው ማነው?

ወታደሩ ራሱ። በ14 ዓ.ም. ያመፁት ወታደሮች ነፍስና ሥጋችን በቀን አሥር አስ ተተመነ፣ ከዚያችው ላይ ልብስ፣ መሣሪያና ድንኳን እንገዛለን ብለው እንዳማረሩ ታሲተስ ጽፏል። አስ ዋጋዋ ትንሽ የሆነ የመዳብ ሳንቲም ናት። በዓመት ሲሰላ 225 ዲናር ገደማ ይሆናል፤ ዲናር የብር ሳንቲም ሲሆን 16 አስ ነው። በዚህ ደመወዝ አዲስ ነገር መግዛት ስለሚከብድ፣ የሚለቅ ለሚገባ ያስተላልፋል፤ የተላለፈለትም ስሙን ይጽፍበታል።

ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ከለንደን የተገኘ አንድ የነሐስ ራስ ቁር አለ። ጉንጭ መሸፈኛዎቹ የሉም። ማጅራት የሚሸፍነው ከናፍሩ ላይ ግን በነጥብ በነጥብ የተወጋ ጽሑፍ ይታያል፤ የአራት ሰዎች ስም ነው።